በዳቦ ምድጃ የተከፈተው መብራት

አሶሳ ውስጥ የመኪና መብራት ለመክፈት ዳቦ ቤት የሚሄድ ሰው አንድ ሙዐዊያ ብቻ ነበር። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ከዳቦ ገዢ ጋር ሲሰለፍ ያየ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። ሙዐዊያ ግን ምን ያድርግ? የፊት መብራትን መስታወት ከጀርባው ጋር የያዘው ጥቁር ማጣበቂያ ካልሞቀ አይለቅም፤ በግድ ቢፈነቅሉት ይሰነጠቃል። የጋራዡ ማሞቂያ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ የአሶሳ ኤሌክትሪክ ደግሞ እንግዳ ነው፣ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት አባ አብዱልረሂም በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ለሰፈራ ሲመጡ ልጅ ነበሩ። ከበርታ ጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ መስጊድ እየሰገዱ ነው ያረጁት። የሙዐዊያን ጥያቄ ሰምተው ብዙም አላንገራገሩም።

«ዳቦየ ላስቲክ ላስቲክ እንዳይሸት እንጅ፣ ጠዋት ዳቦው ከወጣ ወዲያ ምድጃው ያንተ ነው» አሉት። «የሙቀቱን ነገር ከልጄ ጋር ተነጋገር። የምታውቀው እሷ ናት።»

ልጃቸው ዋፋ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። የምድጃ ሙቀት የምትለካው በዱቄት ነው። ቆንጠር ታደርግና ምድጃው ወለል ላይ ትበትነዋለች፣ ከዚያ እስከ ሃያ ትቆጥራለች። ዱቄቱ ወዲያው ከጠየመ ምድጃው ለዳቦ ነው፤ ሃያ ሞልቶም ነጭነቱን ካልለቀቀ በርዷል ማለት ነው፣ መብራት ይችለዋል።

«እህት፣ አልደረሰም?» አላት በመጀመሪያው ቀን።

«ቀልጦ ብሰጥህ ትወደዋለህ?»

«አልወደውም።»

«እንግዲያው ጠብቅ።»

ጠበቀ። አልተቁነጠነጠም፣ ስልኩን አላወጣም፣ አብሯት ዱቄቱን እያየ ቆመ። ዋፋ መጀመሪያ የወደደችለት ይህንን ነው። መጠበቅ የሚችል ወንድ እስከዚያ ቀን አላጋጠማትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣ ጀመር። መብራቱ ከምድጃ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጦ ጠርዙን በካቻቪቴ ቀስ እያደረገ ይከፍተዋል። ውስጡን በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላል፣ የተቃጠለ አምፖል ካለ ይቀይራል፣ ከዚያ አዲስ ማጣበቂያ ዙሪያውን አስገብቶ መልሶ ያሽገዋል። ዋፋ ሥራ እያላት ሥራ እንደሌለው ሰው አጠገቡ ትቆማለች። አባቷ ያያሉ፣ ያላዩ ይመስላሉ።

አንድ ቀን አንድ ባለመኪና ለፍሬቻው ነጭ አምፖል ካልገባልኝ ብሎ ቢጨቃጨቅ ሙዐዊያ እምቢ አለ። ሰውየው ተቆጥቶ ሄደ።

«ገበያህን አባረርኸው» አለችው። «ነጭ ቢሆን ምን ነበረበት?»

«በፀሐይ አይታይም፤ ከፊት መብራቱም ጋር ይምታታል። ፍሬቻ ቢጫ ነው መሆን ያለበት።» ጠርዙን በካቻቪቴው መክፈት ቀጠለ። «የፊት መብራት ለባለቤቱ ነው። ፍሬቻ ግን ለሌላ ሰው ነው። ወዴት እንደምትሄድ ለማያውቅህ ሰው ትነግረዋለህ።»

«አንተስ ወዴት ነው የምትሄደው?»

ለቀልድ ያለችው ነበር። ሙዐዊያ ግን ካቻቪቴውን አስቀምጦ ቀና አለና አያት፤ ዐይኑን ቶሎ አላነሣም።

«ወደ አባትሽ ነው የምሄደው» አለ። «አጎቴን ባቢከርን ይዤ። ዘሩን ዘርቶ ሲጨርስ፣ ሐምሌ መጨረሻ።»

ዋፋ ወደ ምድጃው ዞረች። ምድጃው ከበረደ ቆይቷል፤ የእሷ ፊት ግን ጋለ።

የዋፋ ታላቅ ወንድም ጣሀ ከአሶሳ ባምባሲ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ግንቦት መጨረሻ ላይ የፊት መብራቶቹ ደብዝዘውበት ለሙዐዊያ ሰጠው። ሙዐዊያ ሁለቱንም ከፍቶ አጸዳቸው፣ የቀኙን አሸገው። ግራውን ሊጀምር ሲል ዋፋ «እኔ ላሽገው» አለች። ሊጥ ያሸ እጅ ማጣበቂያ አያቅተውም። ሙዐዊያ አጫጫኑን አሳያትና ለዙህር ሶላት ወደ መስጊድ ተነሣ።

በሚገባ አሸገችው። እንደ ጨረሰች ገልብጣ ስታየው ከጀርባው በኩል የስንዴ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አየች። ዱቄት ቤት ያደገ ሰው ቀዳዳ አይወድም። ነቀዝም እርጥበትም የሚገባው በቀዳዳ ነው፤ አባቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያስተማሯት ቀዳዳ ካየች እንድትደፍን ነው። ከተረፈው ማጣበቂያ ቆርሳ በአውራ ጣቷ ጠቅ አድርጋ ደፈነችው። ሙዐዊያ ሲመለስ ዙሪያውን አየና «ማሻአላህ» አላት። ጀርባውን አላገላበጠም። እሷም ሙገሳው አስደስቷት ስለ ቀዳዳዋ ማውራት ትዝ አላላትም።

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ባምባሲ መግቢያ ዝናብ ይጥላል። ጣሀ ወደ ግራ ሊታጠፍ ፍሬቻ አሳይቶ መሪውን ማዞር ሲጀምር ከፊት ለፊት የሚመጣ የጭነት መኪና በሾፌሩ በኩል ገባበት። ተሳፋሪዎቹን አላህ አተረፋቸው። የጣሀ ግራ እግር ግን ሦስት ቦታ ተሰበረ። ሐኪሞች እግሩን አዳኑለት፤ ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፍ አለ። ፍሪሲዮን የማይረግጥ እግር ለሾፌር ምን ያደርግለታል?

«ፍሬቻ አላሳየኝም» አለ የጭነት መኪናው ሾፌር።

«አሳይቻለሁ» አለ ጣሀ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። የግራው መብራት ከቦታው ተፈናቅሎ ሣር ላይ ወድቆ ሳይሰበር ተገኘ። ውስጡ ውሃ አቁሯል፣ እዚያው ውስጥ ያለው የፍሬቻ አምፖል ዝጎ ሞቷል። አባ አብዱልረሂም መብራቱን ይዘው በሆስፒታሉ ደጃፍ ሙዐዊያን ጠበቁት። ሙዐዊያ ተቀብሎ ገለበጠው። ጀርባውን ሲያይ እጁ ቀጥ አለ።

«ያንተ ሥራ ነው?» አሉት።

«ከእኔ ጋራዥ የወጣ ነው፣ አባ። ኃላፊነቱ የኔ ነው።»

«እንግዲህ ከምድጃየም ከቤቴም እግርህን አንሣ።»

ሙዐዊያ መብራቱን ታቅፎ ሄደ። ወሬው ሳይውል ሳያድር ከተማውን አዳረሰ፣ ጋራዡም ጭር አለ። ዋፋም ጠላችው። ወንድሟ በጀርባው ተኝቶ ሲያቃስት እየሰማች «እንዴት አንድ መብራት በወጉ ማሸግ ያቅተዋል?» እያለች ታለቅስ ነበር። የግራውን ማን እንዳሸገው ረስታ አይደለም። እሷ ያሸገችው ዙሪያ ጠንካራ ነበር፣ ጥፋቱ ሌላ ቦታ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበረች።

በሦስተኛው ሳምንት የመጨረሻ ቃሏን ልትነግረው ጋራዡ ሄደች። መብራቱ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቶ ተቀምጧል።

«አምኜህ ነበር» አለችው። «ወንድሜን በእጅህ ያስቀመጥሁት አምኜህ ነው።»

«እውነትሽን ነው።»

«ሌላ የምትለው የለህም?»

«የለኝም።»

ያኔ ነው ዐይኗ መብራቱ ላይ ያረፈው። ጀርባው ላይ የደረቀች ጥቁር ማጣበቂያ፣ እላይዋ ላይ የአውራ ጣት አሻራ።

«ይህች የተደፈነችው ቀዳዳ ምንድን ናት?»

ሙዐዊያ ጨርቅ አንሥቶ ሊሸፍነው ሞከረ። እጁን ያዘችው። ከተዋወቁ እጁን ስትይዘው ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ምንድን ናት፣ ሙዐዊያ?»

«መተንፈሻው ናት» አለ በመጨረሻ። «መብራት ሲበራ ውስጡ ይሞቃል፣ ያልበዋል። ላቡ የሚወጣው በእሷ ነው። ከተደፈነች ውስጡ ይቀራል።»

በደጅ ባጃጅ አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ዋፋ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?»

«ከሆስፒታሉ ደጃፍ ጀምሮ።»

«ለምን አልተናገርህም?»

«ምን ብዬ? ጀርባውን ሳላይ መኪናው ላይ የገጠምሁት እኔ ነኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጣሀ እኔን ቢጠላ ይችለዋል፣ እኔ ሌላ ቤት ነው ያለሁት። አንቺን ከጠላ ግን ወዴት ይሄዳል? ውሃ የምታቀብይው አንቺ ነሽ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«አታውራ፣ ዋፋ» አላት። አማርኛን ትምህርት ቤት ገብቶ ነው የተማረው፤ ሲጨንቀው ሴቷን እንደ ወንድ ያናግራል። «አታውራ። እኔ ችየዋለሁ።»

እነግራቸዋለሁ ብላ ሄደች፣ አልነገረቻቸውም። ስንት ጊዜ አፏን ከፈተች። ጣሀ ውሃውን ጠጥቶ «አላህ ይስጥሽ፣ እህቴ» ባላት ቁጥር ብርጭቆውን ተቀብላ ትወጣለች። ፍርሃት ነበር፣ ሌላ ስም የለውም።

ለጋብቻ ሊመጡ የነበሩት ሽማግሌዎች ለእርቅ መጡ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሼህ ባቢከር ሁለት ሰው አስከትለው፣ ሙዐዊያን ከኋላቸው አድርገው ገቡ። ጣሀ ጥግ ላይ ፍራሹ ላይ ተደግፏል።

«ልጅ አጠፋ፣ እኛ መጣ» አሉ ሼህ ባቢከር፣ የበርታ ልሳን በተጫነው አማርኛ። «እግር መመለስ እኛ አይችልም። አፉ በሉን ማለት ይችላል። ይሄ ልጅ ውሸት አያውቅም።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» አሉ አባ አብዱልረሂም። «አንድ ነገር ልወቅ። መብራቱን በእጁ አሽጎ ከተሳሳተ የአላህ ቀደር ነው፣ ይቅር እላለሁ። ለማያውቅ ሰው ትቶት ሄዶ ከሆነ ግን የልጄን ነፍስ ንቋታል። ቁርዓን ይምጣና በእጄ ነው ያሸግሁት ብሎ ይማል።»

ቁርዓኑ መጣ። ሙዐዊያ ፊቱ ተቀመጠ፣ እጁን ግን አላነሣም። ዋፋ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታየዋለች። በሐሰት ቢምል ነፍሱን ያጣል፣ እውነቱን ቢናገር እሷን ያጋልጣል። ዝም ካለ ደግሞ ስሙ እዚያው ይቀበራል፣ እሷም ለሌላ ትዳራለች። ዝም አለ። ሼህ ባቢከር ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞረው በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቁት። ያን ጊዜም ዝም አለ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

ዋፋ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

«አይማል፣ አባ። የግራውን መብራት ያሸግሁት እኔ ነኝ። ልሥራው ብዬ የለመንሁትም እኔ ነኝ። እሱ ሶላት ሲሄድ መተንፈሻውን ተራ ቀዳዳ መስሎኝ ደፈንሁት። ይህን ሲያውቅ ለኔ ብሎ ዝም አለ። እኔም ካወቅሁ በኋላ ፈርቼ ዝም አልሁ።»

ጣሀ አያት፣ ቆየት ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዋፋ በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር።

አባ አብዱልረሂም ቁርዓኑን በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉት።

«እሱ ተሸከመ፣ አንች አሸከምሽው» አሉ። «እኔ ለሁለታችሁም ይቅር ብያለሁ። የተሰበረው ግን የኔ እግር አይደለም። ሌላ ጉዳይ እንዳላችሁም አውቃለሁ፣ ዐይን አለኝ። እሱንም ቢሆን ጣሀ በእጁ ካልዳረሽ እኔ አልድርሽም።»

ነሐሴ አለፈ፣ መስከረም አለፈ፣ ጥቅምትም አለፈ። ጣሀ እህቱን አላናገራትም። ውሃ ስታቀርብለት ይጠጣል፣ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ ያስቀምጣል፤ በቃ። ሼህ ባቢከር በየገበያው እውነቱን ስላወሩ የሙዐዊያ ጋራዥ ደንበኞቹ ተመለሱለት፤ እሱ ግን ወደ ዳቦ ቤቱ ድርሽ አላለም። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ተያዩ። በመካከላቸው የማንጎ ክምር ነበር። ልትጠጋ አንድ እርምጃ ተራመደች፣ ቆመች። እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣትና አለፈ። የወንድሟን ቃል እየጠበቀ መሆኑን ስለምታውቅ አልተከፋችበትም፤ ቤት ገብታ ግን አለቀሰች።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ምድጃው አጠገብ ቆማ የክራንች ኮቴ ሰማች።

«ዋፋ» አላት ጣሀ። ስሟን ከአፉ ከሰማች አራት ወር ሊሞላ ነበር። «አምፖል ሲሞት የፍሬቻው ድምፅ እንደሚቻኮል ማንም ሾፌር ያውቃል። ሁለት ቀን ሙሉ ሲቻኮል ሰምቼዋለሁ። ነገ አሳየዋለሁ እያልሁ ነዳሁ።»

ዋፋ ዱቄቱን በእጇ እንደያዘች ቀረች።

«አንች ሽማግሌ ፊት ቁመሽ ስትናገሪ እኔ የኔን ዋጥሁ። ፊቴን ያዞርሁት አንችን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። አፍሬ ነው።» ክራንቹን አስተካከለ። «በይ፣ አጎቱ ይምጡ በያቸው።»

ኒካሁ ጥር ላይ ታሰረ። አባ አብዱልረሂም በቃላቸው ጸኑና ውክልናውን ለጣሀ ሰጡ። ዋፋ ከሴቶቹ ጋር በጓዳው በር ክፍተት ታያለች። ቃዲው ለጣሀ ወንበር አስመጡለት፤ እሱ ግን «እህቴን ቁሜ ነው የምድራት» አለ።

«እንግዲያው እጅህን ስጠው» አሉት ቃዲው።

ክራንቹ ያለው በቀኝ እጁ ነው፣ የሚሰጠውም ቀኝ እጁን ነው። ጣሀ ክራንቹን አየ፣ ከዚያ የተዘረጋውን የሙዐዊያን እጅ አየ።

ክራንቹን ለቀቀው። ጣሀ ሳይንገዳገድ ሙዐዊያ በአንድ እጁ እጁን፣ በሌላው ክርኑን ያዘው። ጣሀ ሙሉ ክብደቱን እሱ ላይ ጣለ።

«እህቴን ዋፋን ድሬልሃለሁ» አለ።

«ተቀብያለሁ» አለ ሙዐዊያ።

ዱዓው ተደርጎ፣ ሰው ሁሉ አሚን ብሎ እስኪያበቃ ድረስ ክራንቹ ወለሉ ላይ እንደወደቀ ነበር። ጣሀም አንሡልኝ አላለም።