ለሚመጣው ዓመት አንድ ጊዜ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ከሰው አልሰማሁትም... በገዛ እጄ የያዝኩት ነው።

ባታምኑኝ አልቀየምም። እኔም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ "ፀሐይ መታህ፣ ሂድና ውሃ ጠጣ" ነበር የምለው።

ባለፈው ኦገስት፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፤ እዚህ የተወለዱት ልጆች አራት ሰዓት ይሉታል። ቦታው ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ኔቬ ኦዝ ሰፈር፣ ከሕንፃችን ሥር ያለችው ግቢ።

ሹሜ እባላለሁ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ኪርያት ማታሎን ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሳነሳና ሳወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ክብደት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ይህን ያዙልኝ።

ከበራችን ፊት ለፊት ታረቀና ውዴ ይኖሩ ነበር። ታረቀ ዳቦ በመኪና ያከፋፍላል፤ ውዴ አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችን ትጠብቃለች። የታረቀ እናት እማማ ጥሩአየሁም አብረዋቸው ናቸው። ልጃቸው አንዲት ብቻ... ኔሪያ። ከስምንት ዓመት ልመና በኋላ የመጣች።

ያን ቀን ስድስት ዓመት ሞላት። ሆፌሽ፣ የክረምት ዕረፍቱ ማለቴ ነው፣ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶታል። ከዚያ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ቦርሳዋን ገና በሰኔ አስገዝታ፣ ክረምቱን ሙሉ ባዶውን ተሸክማ ነበር የምትዞረው።

"ኔሪያ፣ ምን ይዘሽ ነው?" እላታለሁ።

"ትምህርት" ትለኛለች።

እንዲህ ዓይነት ልጅ ናት።

እዚህ አገር ልደት ላይ አንድ ልማድ አለ። ልጁን ያጌጠ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። አራት ሰው አራቱን እግር ይይዝና፣ በዕድሜው ልክ ከነወንበሩ ብድግ ያደርገዋል። ስድስት ዓመት ከሆነው ስድስቴ። ከዚያ አንድ ይጨመራል...

ለሚመጣው ዓመት።

እማማ ጥሩአየሁ ገና ወንበሩን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

"ልጅ አይቆጠርም" አሉ። "ከብት ናት እንዴ?"

"እማማ ደግሞ! የምንቆጥረው ኬኩን ነው" አልኳቸው።

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ፊት ለፊት እኔና ታረቀ ያዝን፣ ከኋላ ውዴና ባለቤቴ ሸጋ። ኔሪያ የወረቀት አክሊል ደፍታ ተቀመጠች። ክብደቷ የአንድ ጎማ ያህል አይሆንም።

"አንድ!" ብድግ።

"ሁለት!" ብድግ። ትስቃለች።

ሦስት... አራት... አምስት... ስድስት።

"ለሚመጣው ዓመት!" አለ ታረቀ።

ብድግ ልናደርጋት ሞከርን።

ወንበሩ አልተነሳም።

"ምነው ታረቀ፣ ዳቦ አልበላህም?" አልኩት።

"አንተ ነህ ያልያዝከው፣ ጋሽ ሹሜ!"

ደግመን ሞከርን። ጀርባዬ ተንቋቋ። እግሩ ከመሬቱ ጋር አንድ ላይ የተፈሰሰ ይመስላል። ልጆቹ ይንከተከታሉ፤ እኔም ከነሱ ጋር ሳቅሁ...

ከዚያ ኔሪያን አየሁ።

መሳቋን አቁማለች። ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ሰበር አድርጋለች፣ ከሩቅ የሚጠራትን እንደሚያዳምጥ ሰው።

አወረድናት። ወንበሩ በአንድ እጄ ተነሳ፣ እንደ መጥረጊያ። ኤሊዮር የሚባል የመዋዕለ ሕፃናት ጓደኛዋን አስቀመጥንበት፤ ወፍራም ነው፣ እናቱ አትስማኝ። ሰባቴ ተነሳለት።

ኔሪያን መለስናት።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት።

ለሚመጣው ዓመት...

ምንም።

"ያላ፣ ኬክ እንቁረጥ!" አለች ውዴ። ጮክ ብላ ነው ያለችው። 

ኔሪያ አባቷን በዕብራይስጥ ጠየቀችው። ለናንተ በአማርኛ ልንገራችሁ።

"አባ፣ የኔ የሚመጣው ዓመት የት ሄደ?"



...

በማግስቱ ውዴ በራችንን አንኳኳች። ሌሊቱን እንዳልተኛች ያስታውቃል።

"ጋሽ ሹሜ፣ ቦታው ነው። ግቢው ነው መጥፎው። እሑድ ባሕር እንሂድ። እናንተም ኑልን።"

"እኛ ለምን?"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አራት ሰው ያስፈልጋል።"

እንዲህ ሆነና የሆፌሽ መጨረሻው ሽርሽራችን ተጀመረ። ሰው ሲያየን ደስ የሚል ቤተሰብ ነን። ሐብሐብ አለ፣ ጃንጥላ አለ፣ የልጅ መንሳፈፊያ አለ። ከመኪናው ኋላ ደግሞ በፎጣ የተጠቀለለ ወንበር።

እሑድ፣ ያፎ ባሕር ዳር። ስድስቴ ተነሳች። በሰባተኛው እኛ ወደ ላይ ስንስብ ወንበሩ ወደ ታች ሄደ። አሸዋው እስከ ጉልበቷ ዋጣት። በእጃችን ቆፍረን አወጣናት።

ማክሰኞ፣ የመዋኛው መኪና ማቆሚያ። አስፋልት ነው፣ አይውጥም። ስድስቴ ተነሳች። በሰባተኛው አስፋልቱ ሥር የሆነ ነገር ጠቅ አለ፣ ቁልፍ ሲዞር እንደሚለው።

ታረቀ ወንበሩን በእርግጫ መታው። ከዚያ ልጅቷ ፊት እንዳያለቅስ ጎማ የሚያይ መስሎ ቁጢጥ አለ።

"እንተወው" አልኩት።

"ልጄን ነው የምተወው?"

ወንበሩን በፎጣ ጠቅልዬ መኪናው ላይ መለስኩት። 

ዓርብ ጠዋት፣ የያርኮን ምንጭ። ጥላ አለው፣ ሣር አለው፣ ዓሣ ይታያል። እማማ ጥሩአየሁም መጡ። ከዚያ በፊት እንቢ ብለው ቤት ነበር የሚቀሩት።

ስድስት ካልን በኋላ እማማ እጃቸውን አነሱ። "ቆዩ" አሉ።

ቀርበው የልጅቷን ግንባር ሳሙ።

"ከዕድሜዬ ቀንሶ ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ።"

ይህን ምርቃት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አያት ሁሉ ይለዋል። ውሃ ያቀበላቸውን ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚመርቁት። ሲባል ኖሯል፤ የሚሰጥ የሚቀበል ያለው ግን አይመስለንም።

እማማ ከልባቸው ነው ያሉት።

"አንሱ" አሉን።

አነሳን...

አልተነሳም።

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሱቅ ሄደው "አልቋል" የተባሉ ያህል።

"የለኝም ማለት ነው" አሉ ቀስ ብለው።

ታረቀ ቶሎ ብሎ "ከኔ ቀንሶ ይስጥሽ!" አለ። ሳብን። አልተነሳም።

"ከኔ" አለች ውዴ። "ከኔ ውሰድ! ሁሉንም ውሰድ!"

ወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

ወፍ እንኳ አልጮኸም። ሁለቱ ስለ ልጅቷ ብቻ ነበር የሚያስቡት፤ ሌላ አልታያቸውም። እማማ ግን ልጃቸውን አዩ፣ ምራታቸውን አዩ... ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሹሜ ልጄ... አንተ በልላት።"

ቀልድ አፌ ላይ የማይጠፋ ሰው ነኝ።

"እኔማ ሞልቶኛል፣ እማማ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስተኛ ያጠራቀምኩት አለ።"

ሸጋ ክርኔን ያዘችኝ። ጥፍሯ እስኪሰማኝ ያዘችኝ።

"ከዕድሜዬ ቀንሶ ይስጥሽ፣ ኔሪያ።"

ወንበሩ በረረ።

ከእጃችን ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ኔሪያ ከዛፉ ቅጠል ደርሳ ጮኸች፣ ሳቀች። ውዴ እግሬ ላይ ወድቃ ጉልበቴን ትስመኛለች፤ "ተነሽ፣ ቅባት አለበት" እላታለሁ። ታረቀ ሐብሐቡን በቡጢ ሰበረው። ሁላችንም ሣሩ ላይ በእጃችን በላን።

እንዲያ የጣፈጠኝ ሐብሐብ የለም።

...

ስንመለስ ሸጋ ደረጃው ላይ አቆመችኝ።

"አስተውለሃል?"

"ምኑን?"

"ሦስቱም የላቸውም።"

"ዝም በይ።"

"እማማ የላቸውም። ታረቀ የለውም። ውዴ የላትም። ለሚመጣው ዓመት አንዳቸውም..."

"ዝም በይ ብያለሁ!"

"ንገራቸው፣ ሹሜ።"

መጥፎ ሰው አይደለሁም። ዕቃ የበዛበትን አግዛለሁ፣ ባትሪ የሞተበትን አስነሳለሁ። ግን እዚያች ደረጃ ላይ የመለስኩትን እነግራችኋለሁ፤ ቃል በቃል።

"ከነገርኳቸው ስጠን ይሉኛል። ሦስት ናቸው።"

ሸጋ ትክ ብላ አየችኝ። "አንቺ ስጫቸዋ" እስክላት የምትጠብቅ ይመስላል።

አላልኳትም። እሷም "እኔ ልስጥ" አላለችም።

ገብተን እጃችንን ታጠብን።

...

እሑድ የሆፌሽ የመጨረሻ ቀን ነበር። በማግስቱ ትምህርት ይጀመራል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ታረቀ ነጯን መኪና ሲጭን በረንዳ ላይ ቆሜ አየሁት። ወንበሩ የለም። በረዶ፣ ፎጣ፣ የዶሮ ጥብስ።

"ጋሽ ሹሜ! ኪኔሬት ሐይቅ ልንሄድ ነው። ኑ፣ ዛሬ እንኳ ሳንሸከም እንዝናና!"

"ሥራ አለኝ" አልኩ።

ሥራ አልነበረኝም።

ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ አላውቅም። ኔሪያ ከኋላ የልጅ መቀመጫዋ ላይ ታስራ ቦርሳዋን ታቅፋለች። እማማ ከጎኗ ናቸው፤ በነሐሴ ሙቀት ነጭ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰዋል። መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

"እማማ..." አልኩ። 

"አውቄዋለሁ" አሉኝ በሹክሹክታ። "አልጠይቅህም።"

"ቤት ብትቀመጡስ?"

"ቤት ብንቀመጥ ቤት ይመጣል። ለሷ ግን ሰጥተሃል። ሰው የሰጠውን አይመልስም፤ አይደል?"

"አይመልስም።"

"በል፣ ደህና ሁን።"

ደህና ዋል አላሉኝም።

ውዴ ከፊት ወንበር ዞራ፣ ፀጉሯን አሥራ፣ ደስ ብሏት እጇን አውለበለበችልኝ። እኔም አውለበለብኩ። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ዝም ብዬ አውለበለብኩ። አፌን ለመክፈት ጊዜ ነበረኝ... በጣም ብዙ ጊዜ ነበረኝ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ።

የጭነት መኪና ነው አሉን። ሦስቱ እዚያው። ልጅቷ ግን ከመኪናው ሃምሳ እርምጃ ርቃ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ መቀመጫዋ ላይ እንደታሰረች ተገኘች። ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ጭረት የላትም። በሩ ተዘግቶ ነበር፤ በየት እንደወጣች የሚያውቅ የለም።

...

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ግቢያችን የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። ነጭ የፕላስቲክ ወንበር በየረድፉ።

ኔሪያ እኛ ቤት ናት። አታለቅስም። "ልጅ ናት፣ አልገባትም" ይላሉ ሴቶቹ።

ጥግ ላይ ተቀምጬ አየኋት። ቁጢጥ እያለች በወንበሮቹ መሃል ትሄዳለች። አንዱ ጋ ትቆማለች፣ የወንበሩን እግር ይዛ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ሰዎቹ አያዩዋትም። እያለቀሱ ነው።

ጨዋታ መሰለኝ።

እኔ ጋ ደረሰች።

"ዶድ ሹሜ፣ እንዳትነሳ" አለችኝ። አጎቴ ማለቷ ነው።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"እሽ..."

ጎንበስ ብላ የወንበሬን አንዱን እግር ያዘች። በሁለት ትንንሽ እጆቿ።

ሌሎቹን ሦስት እግሮች ማንም አልያዘም። ዞሬ አይቻለሁ። ማንም።

"አንድ" አለች በሹክሹክታ።

ወንበሩ ከነኔ ብድግ አለ። የጣት ውፍረት ያህል። አራቱም እግር እኩል።

"ሁለት..."

ልጮህ ፈለግሁ። ጎኔ ያሉት ሽማግሌ አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። ሸጋ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ታየኛለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

ኔሪያ እስከ ሃያ ብቻ ነበር መቁጠር የምትችለው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ያን ቀን ግን ሳትሳሳት፣ ሳትቸኩል ቆጠረች። ሠላሳ... አርባ... ሃምሳ...

ሃምሳ አራት።

ወንበሩ መሬት ነካ።

ኔሪያ ትንፋሿን ሰበሰበች። ወደ አንደኛው እግር አየች፣ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው። ያልተያዙት ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ራሷን ነቀነቀች።

"ለሚመጣው ዓመት" አለች።

የእጆቿ ደም ሥር ተገተረ። ፊቷ ቀላ። ከወንበሬ ሥር፣ ከሦስቱም አቅጣጫ፣ የሚያቃስት ትንፋሽ ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ...

ወንበሩ አልተነሳም። ቀና አለች። ላቧን በእጅጌዋ ጠረገች።

"ዶድ ሹሜ..." አለችኝ፣ እንደሚያዝንልኝ ሰው። "ከበድክብን።"