ከመጨረሻው ገቢ ጀምሮ

ሠርኬ እህል በረንዳ፣ ከጤፍ ጆንያዎች መሃል ቆማለች። ወረቀቱ መቀነቷ ውስጥ ነው።

«የአደአ ማኛ ይኖራል?»

«ለዘመድ አይጠፋም» አለ ጠይብ፣ ሚዛኑን እያስተካከለ።

የምስጢር ቃሉ ልክ ነው። እህል ነጋዴው ጠይብ በሕቡዕ ድርጅታቸው ውስጥ ስሙ «ቁና» ነው፤ ብቸኛ መልእክተኛዋ። እሷ «ወንፊት» ነች። ለቀበሌው ግን አንገቷን ደፍታ የምትሠራ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ።

የካቲት 1970 ነው። ጠዋት ካድሬው ፋንታዬ ጠረጴዛዋን ተደግፎ ነበር ያዘዛት።

«በቅርብ ወደ ቀበሌው የገቡ ሃያ ሰዎች። ከመጨረሻው ገቢ ጀምረሽ ወደ ኋላ፣ በተራ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሰሳ እንወጣለን። ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

በዚያ ዘመን አዲስ ገቢ ማለት ተሸሽጎ የመጣ ማለት ነበር።

ሰባት ሺህ ካርድ በቤት ቁጥር ተደርድሯል። ማን መቼ እንደገባ ለማወቅ አንድ በአንድ ማገላበጥ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሠርኬ ግን በጫማ ካርቶን የራሷ መጠቆሚያ ነበራት። ፋንታዬ ፍጥነቷን እንጂ ካርቶኑን አያውቅም። ቁራጭ ወረቀቶቹ በገቡበት ቀን ተራ ተቀምጠዋል፤ በየወረቀቱ ቀኑና የቤት ቁጥሩ ብቻ።

ከኋላ ጀመረች። ሃያ ቆጠረች። አቆመች። የቀረውን መንካት አላስፈለጋትም። የሃያዎቹን ስም ከካርዶቻቸው ወረቀት ላይ ገልብጣ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠች።

ካርዶቹን ጠባቂ ስለማይለያቸው ልትሰውራቸው አልቻለችም። ካርቶኑን ግን እንደ ቆሻሻ ይዛ ወጥታ አቃጠለችው።

አሁን እጇን ወደ መቀነቷ ሰደደች።

«ሃያዎቹ ሁሉ አሉበት?» አለ ጠይብ።

እጇ ባለበት ቀረ።

ስንት እንደሆኑ አልነገረችውም። ቁጥሩን የሚያውቁት እሷና ፋንታዬ ብቻ ናቸው።

«ኧረ ጋሼ ጠይብ፣ ገና መች አገላብጬ ጨረስኩ! ቀጠሮው እንዳይቀር ብዬ ነው። ነገ ላምጣልዎት።»

ጥቂት እንደራቀች ጠይብ ሚዛኑን ትቶ ተነሳ።

ሌላ የምትልከው ሰው የላትም። በሮቹን ራሷ ማንኳኳት ጀመረች፤ በዝርዝሩ ተራ።

«ውጡ። አሁኑኑ።»

«ልብሴን እንኳ ልያዝ» አለች አንዷ።

«ነፍስሽን ያዢ!»

አሥራ ስምንተኛው ሰው በጓሮ አጥር ዘሎ ሄደ። ሠርኬ ወደ አብነት ሰፈር በሚወስደው መንገድ ብቅ አለች።

ጠይብ ጥጉ ላይ ቆሟል። ከኋላው ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት ሰዎች።

አልያዟትም። እንድትመራቸው ነው የሚጠብቁት።

የቀሩት ሁለቱ አንድ ቤት ናቸው፤ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጠሂራና ባሏ። በሩ ገርበብ ብሏል። የጠሂራ ሳቅ ይሰማል።

ዞር ብላ ሳታይ አለፈች።

ወረቀቱን እያኘከች እስከ መሳለሚያ አውቶቡስ ማቆሚያ አስከተለቻቸው። አውቶቡስ ውስጥ በግፊያ ገባች፤ በሌላው በር ወርዳ ከሕዝቡ ተቀላቀለች።

የፋንታዬ ሰዎች ካርዶቹን ሲያገላብጡ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ከሃያዎቹ ስሞች አሥራ ስምንቱን ሲፈልጉ ባዶ ቤት ጠበቃቸው።

ከወር በኋላ፣ ሻሸመኔ ገበያ፣ በሌላ ስም ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት አንድ የመርካቶ ነጋዴ ሲያወራ ሰማች።

«ባልና ሚስት ነበሩ የተወሰዱት። ሴትዮዋ መኪና ላይ ሲጭኗት፣ ጎረቤቷን በሹክሹክታ ‹ሠርኬ ተርፋለች?› ብላ ጠየቀች አሉ።»

ሻጯ ሽንኩርቱን ማገላበጧን አቆመች።

«ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?»

«ከየት አውቄ» አለች። «ስንት ኪሎ ላድርግልህ?»