ስድሳኛው መልእክት

እናቶቹ ያወጡልኝ ስም «ካሮት» ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በጤና ጣቢያው አዳራሽ፣ ጓዳቸው ባዶ ለሆነ እናቶች ሕፃን ምን ይብላ፣ ምን ከምን ይቀላቀል እያልኩ ሳስተምር ካሮትን ያላነሣሁበት ቀን አልነበረማ። ደክሞኝ ነበር፤ ሥራዬን ግን እወደው ነበር።

አንድ ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና፣ «ለጋሾቹ አቅጣጫ ቀይረዋል፤ ትምህርቱ በስልክም ሊሰጥ ነው» አለኝ። ስድሳ አጫጭር መልእክቶች በእኔ ድምፅ ይቀረጻሉ፤ እናቶቹ ስልካቸው ሲጠራ አንስተው ያዳምጣሉ። ደስ አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ቀረጻው በመድኃኒት መጋዘኑ ውስጥ ነበር። ቀራጩ ዝምተኛ ወጣት ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ተቀመጠ።

«ለማን ነው የምታወሪው?» አለኝ የመጀመሪያውን እንዳነበብኩ።

«ለእናቶች ነዋ!»

«ስንት ናቸው?»

«ሦስት መቶ ይሆናሉ።»

«ለዚያ ነው የምትጮሂው። ለአንዷ ንገሪያት።»

ልብስ አጣቢዋ ትዝ አለችኝ፤ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር እጇን አውጥታ የምትሟገተኝ። ለእሷ ነገርኳት። ቀና ስል ቀራጩ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም ነበር። እኔም ቶሎ አልነቀልኩም።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የኤሊ ጉዞ ሆነ። «ድምፅሽ ደክሟል፤ ነገ እንድገመው» ይለኛል። ለጉሮሮዬ ብሎ ሞቅ ያለ ውሃ በፔርሙስ ይዞልኝ ይመጣል። በአንድ ወር ያልቃል የተባለው ቀረጻ ሦስተኛ ወሩን ያዘ። ሆን ብሎ እንደሚያዘገየው አውቅ ነበር፤ ወድዶኝ ነው ብዬ ሆዴን ደስ ይለው ነበር። እኔም ወድጄዋለሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ቀን እስከ ሰፈሬ ሸኘኝና፣ «እናትሽ ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?» አለ።

«ይኼ ልጅ ምግብ አይበላም እንዴ ነው የምትልህ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ከሰመ።

ሃምሳ ዘጠነኛውን የጨረስን ዕለት ሥራ አስኪያጁ እኔንና ሌሎቹን ሦስት የጤና ጣቢያውን አስተማሪዎች ሰበሰበን። ቅጂው ሲጠናቀቅ ቅጥራችን እንደሚያበቃ ነገረን። ከእንግዲህ ገንዘብ የተፈቀደው ለስልኩ ብቻ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይኼን የምታውቀው?» አልነው።

«ከመጀመሪያው። እንዳትረበሹ ብዬ ነው። ቀራጩም ያውቃል፤ ውሉ ላይ አለ።»

በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ገባሁ።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ፤ አልካደም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ከነገርኩሽ ጥለሽ ትሄጃለሽ ብዬ። ካዘገየሁት ደግሞ ትንሽ ትቆያላችሁ…»

«በሦስት ወር ውስጥ ሌላ ሥራ እፈልግ ነበር እኮ! እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ጓደኞቼም!»

ቆሽቴ አርሮ ነበር። ከሁሉ የከፋው፣ ያን ሰዓት እንኳ ቢያቅፈኝ ብዬ መመኘቴ ነው። ማይክሮፎኑን ሳብኩና ስድሳኛውን መልእክት በአንድ ጊዜ አንብቤ ሳልሰናበተው ወጣሁ።

አራት ወር ሆድና ጀርባ ሆንን። እኔ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ተቀጥሬ ደብተርና እስክሪብቶ መሸጥ ጀመርኩ። አዳራሹ የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ ሆነ አሉ።

አንድ ከሰዓት መደብሩ በር ላይ ቆሞ አየሁት።

«ምን ልታዘዝ?» አልኩት እንደማላውቀው ሰው።

የተጎሳቆለ ደብተር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። «በስድሳኛው መልእክት መጨረሻ የራሴን ቁጥር ጨምሬበት ነበር፤ ጥያቄ ያላችሁ ደውሉ ብዬ። ሰባ ሦስት ሰው ደወለ። እኔ ስለ ምግብ ምን አውቃለሁ? ጠይቄ እነግራችኋለሁ እያልኩ እጽፋለሁ። አንቺ ጋ ለመምጣት ግን ፊት አጣሁ። በድዬሻለሁ። እኔን ይቅር ባትዪም ለእነሱ መልሺላቸው።»

የመጨረሻው ጥያቄ የዚያኑ ዕለት ጠዋት የተጻፈ ነበር፤ የልብስ አጣቢዋ። ልጇን ተቅማጥ ይዞታል፤ ምግብ ልከልክለው ወይ ትላለች።

«ደውልላት!» አልኩት። «አሁኑኑ!»

ደውሎ ስልኩን ሰጠኝ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋልሽ? ስለ ልጅሽ…» ብዬ ሳልጨርስ ጆሮዬ ላይ ጠረቀመችው። የተቀዳው ድምፄ መስሏታል።

ተያየን። መጀመሪያ እሱ ሳቀ፤ ቀጥዬ እኔ፤ ሳቁ ሳላስበው ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ባንኮኒው ላይ እጄን ያዘኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ናፍቆኝም ነበር። እጄን አልነጠቅኩትም። በሌላው እጁ እንደገና ደወለ።

«እባክሽ እንዳትዘጊው» አላት፤ «ቅጂው አይደለም፤ ራሷ ናት።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋልኝ። ከወዲያ ሕፃን ሲነጫነጭ ይሰማል።

«ራስሽ ከሆንሽማ» አለች ልብስ አጣቢዋ፣ «እስቲ መልሺልኝ!»