በኦኬዮ ማድቤት የሞቱት አዋላጅ

ማማ ፔሬስ አውዎር በወርቅ ነጋዴው በኦኬዮ ማድቤት አግዳሚ ላይ በጎናቸው ተኝተው ነበር፤ ለሚያያቸው ሰው ያንቀላፉ ይመስላሉ። የጡረታ አዋላጅ ናቸው። ግማሹን መንደር ያዋለዱ እጆቻቸው ደረታቸው ላይ ተጣጥፈዋል።

ኢንስፔክተር ኮንሶላታ አጁዋንግ በርከክ አለች። ቁስል የለም። መዳፋቸውና የከንፈራቸው ውስጥ ግን ከሕያው ሰው በላይ ቀልቷል። አጠገባቸው ያለው የከሰል ምድጃ እስከ አፉ ሞልቶ ነድዷል፤ ድስት አልተጣደበትም፤ መስኮቱም ዝግ ነው።

ውጭ ለቀስተኛው «ቺራ ነው» እያለ ያንሾካሽካል። በሉዎ ምድር ሥርዓት የጣሰን ቤት የሚከተል እርግማን ቺራ ይባላል።

«ከሰል ነው የገደላቸው» አለች ኮንሶላታ። «መጀመሪያ ያገኛቸው ማነው?»

የኦኬዮ ሚስት ሚልካ ወደ በሩ ቀረበች። ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች።

«እኔ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ። በሩ ሥር ጨርቅ ተጠቅጥቆ ነበር፤ ስቤ ጣልኩት።»

«ከውስጥ ነው ከውጭ?»

«ከውጭ።»

ኮንሶላታ ወደ በሩ ሥር ጎንበስ አለች። ውስጥ የተኛ ሰው ከውጭ ጨርቅ አይጠቀጥቅም።

«እሳቸው ለምን ቀሩ?»

«ጉልበታቸውን አሟቸው ኪኒን ወስደው ነበር። ለእኔ ገንፎ ሊሠሩልኝ…» ወደ ምድጃው አየች። «ባለፈው ሳምንት ፅንሱ ወረደብኝ። ሦስተኛዬ ነው። ሦስቱም ሁለት ወር ሳይሞላቸው። እኔ መተኛት ፈልጌ ነበር፤ አማቴ ግን ሄደሽ ይጸለይልሽ አሉኝ።»

ኮንሶላታ ጨርቁን በላስቲክ ይዛ ወደ ብርሃን አወጣችው። በድሩ መሃል የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ የብር ነጠብጣቦች ያብረቀርቃሉ። ባዜቃ፣ ሜርኩሪ የሚሉት፣ ነው። በዚህ በሚጎሪ አገር ወርቅ ቆፋሪው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከደቀቀው ድንጋይ ወርቁን ለቅሞ ይይዛል፣ በጨርቅ ይጨመቃል፣ ከዚያ ባዜቃው በእሳት ይተናል፣ ወርቁ ይቀራል።

የማማ ፔሬስን ጣት ደግማ አየች። የጋብቻ ቀለበታቸው እንደ ቆርቆሮ ነጥቷል።

*

የኦኬዮ እናት ዩኒያ፣ መንደሩ ‹ዳኒ›፣ አያት፣ የሚላቸው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ምራታቸው ላይ ተክለዋል።

«ልጄ፣ ምን ትጠይቂኛለሽ? ይህች ልጅ ሦስት ጣለች። የፊተኛይቱም ሚስቱ ሳብሊና እንዲሁ ነበረች፤ አባረርናት።»

«ሳብሊና አሁን የት ናት?»

«ወንዙ ማዶ። አናጢ አግብታ።»

«ልጅ ወለደች?»

አሮጊቷ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። «ሁለት።»

«ታዲያ ዳኒ፣ ቺራው ወንዝ መሻገር አቃተው ማለት ነው?»

አሮጊቷ ፊታቸውን አዞሩ።

ሰባኪው ኦግዌኖ ደግሞ ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው ነበር። «ፔሬስ ተጣልታኛለች፣ አልዋሽም። ለሴቶቹ የምሰጠውን መራራ ሥር ‹አታጠጣቸው› ብላ ሰው ፊት ሰደበችኝ። ግን አልገደልኳትም። ስሰብክ ነበር።»

«መዘምራን ሲዘምሩስ?»

«ንፋስ ልቀበል ወጣሁ። ኦኬዮም ወጥቶ ነበር፤ ‹ሞተሬን ልይ› ብሎ በዚያው ቆየ።»

«ጠዋት ከእሱ ጋር ተጨባብጣችኋል?»

«በሩ ላይ። ያ ትልቅ የወርቅ ቀለበቱ እንደ ሁልጊዜው ጣቴን ወጋኝ።»

ኦኬዮ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በትሕትና ቆሞ ጠበቃት። «እኔ ወርቅ ገዢ ነኝ ኢንስፔክተር። ገበያ ላይ መዝኜ እገዛለሁ። ባዜቃ እጄ አይነካም፤ ቤቴም አይገባም። ስለዚህ ነገር የማውቀው የለኝም።»

ኮንሶላታ የጠየቀችው ስለ ማማ ፔሬስ ብቻ ነበር፤ ባዜቃን ያነሳው እሱ ነው። ጣቱ ላይ ቀለበት የለም፤ ቦታው ብቻ ገርጥቷል።

ማድቤት ተመልሳ ሚልካን ብቻዋን ጠራቻት። ከምድጃው ጀርባ የተደበቀውን አሮጌ መጥበሻ አሳየቻት።

«ይህ የማነው?»

«የእኔ» አለች ሚልካ ቀስ ብላ። «እሱ ወርቁን ከባዜቃው ጋር ያመጣል፣ እኔ አቃጥላለሁ። ወርቁን ሰው እንዳያይ በሩን ዝጊ ይለኛል።»

«ቀለበትሽስ መቼ ነጣ?»

ሚልካ እጇን ደበቀች። «ባገባሁ በጥቂት ወር። አርቴፊሻል ነው የገዛልኝ ብዬ ዝም አልኩ። እንዳላሳፍረው።»

ኮንሶላታ መጥበሻውን መሬት ላይ አኖረች።

«ማማ ፔሬስ ይህን ያውቁ ነበር?»

«ቅዳሜ ዕለት አወቁ። እኔን ሲያስታምሙ እዚሁ ሰነበቱ፣ የእሳቸውም ነጣ። ኦኬዮን ‹ሰኞ ትልቁ ሆስፒታል እወስዳታለሁ፤ ደሟን፣ የአንገቷን ዕጢ፣ ማሕፀኗን ይዩ፣ ያንተንም ዘር ይዩ። የዚህን ማድቤት ነገር ግን ለጤና ቢሮም ለመንደሩም እናገራለሁ› አሉት።»

*

ከማንጎው ዛፍ ሥር ሁሉም ተሰበሰቡ። ለቀስተኞቹ ሴቶች ዙሪያውን ከበቡ። ኮንሶላታ ጨርቁን በርጩማ ላይ አስቀመጠች።

«ማማ ፔሬስ በኪኒን ተኝተው ሳለ አንድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሹልክ ብሎ መጣ። ምድጃውን ሞላ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ በሩን በዚህ ጠቀጠቀ። ከሰል ድምፅ የለውም። ኦግዌኖ፣ አንሳው እስቲ።»

ሰባኪው የወርቅ ቀለበት ባለበት እጁ ሳያመነታ አነሳው።

«ይበቃል። አስቀምጥና እጅህን በሳሙና ታጠብ። ኦኬዮ፣ ቀለበትህ ኪስህ ነው አይደል? አድርገውና አንተም አንሳው።»

ኦኬዮ አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ይሆናል ብለህ ነው?»

«ቆሻሻ ነው።»

«አይደለም፤ ወርቅ ይበላል። ኦግዌኖ ይህን አያውቅም፤ አየኸው። ዳኒ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከምራታቸው አጠገብ ንቅንቅ አላሉም። ሚልካም አታውቅም፤ ብታውቅ ቀለበቷ አይነጣም ነበር። ጠዋት በሩ ላይ ቀለበትህ ጣትህ ላይ ነበር፤ አሁን የለም። ቆሻሻ ጨርቅ ለመንካት ብሎ የጋብቻ ቀለበቱን የሚያወልቅ ሰው፣ ጨርቁ ለወርቅ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ብቻ ነው። ‹ባዜቃ እጄ አይነካም› ብለኸኛል።»

ኦኬዮ ዙሪያውን ተመለከተ።

«ለወርቅህ ሳስተህ» አለች ኮንሶላታ፤ ድምፅዋን አልጨመረችም፤ «ቀለበትህን አውልቀህ ኪስህ ከተትክ። ሚስትህን ግን ከመርዙ ጭስ ጋር በር ዘግተህ አስቀመጥካት። እርጉዝ ሳለች። ሦስት ጊዜ። ከዚያ የተረገመች ሲሏት ቆመህ ሰማህ።»

«እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» አለ ኦኬዮ በመጨረሻ። «ያቺ አዋላጅ የመንደሩን ሥራ ልትዘጋው ነበር። ባዜቃ የማያቃጥል ቤት የት አለ? በማን ማድቤት ነው የማይቃጠለው?»

ዳኒ ዩኒያ ልጃቸውን አዩት። ከዚያ ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«እኔን ያስወረደኝ የባዜቃው ጭስ ነው?» ሚልካ ጠየቀች።

«አላውቅም» አለች ኮንሶላታ። ይህን ማለቷ ከሁሉ በላይ አናደዳት። «ሐኪም አይደለሁም። ምክንያቱ ብዙ ነው። የደም መርጋት ይሆናል፣ የማሕፀን አፈጣጠር ይሆናል፣ የባል ወይም የሚስት ዘር ይሆናል፣ አንዳንዴም ሐኪሙ ራሱ አያገኘውም። የባዜቃ ጭስ መርዝ ነው፤ ከሚጠረጠሩትም አንዱ ነው። ማማ ፔሬስ ሁሉም እንዲመረመርልሽ ፈለጉ። ኦኬዮ ግን መጠየቁ ራሱ እንዲቀር ፈለገ።»

አብሯት የመጣው ኮንስታብል ኦኬዮን እጁን አስሮ ወደ መኪናው ወሰደው። ሞተሩ ተነሳ።

ከለቀስተኞቹ አንዷ፣ ልጅ ያላዘለች ሴት፣ ወደ ፊት መጣች።

«እኔም ሁለት ጊዜ» አለች። «እኛ ቤት አይቃጠልም። ግን ጎረቤት ያቃጥላል። ጭሱ ይገባል።»

«እኔ አራት» አለች ሌላዋ ከጀርባዋ። «አሁንም ፅንስ ይዣለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።»

ሦስተኛዋ መጥታ ከጎናቸው ቆመች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ።

ኮንሶላታ ገዳዩን ይዛለች፤ እነዚህን ሁሉ ግን ሐኪም ገና አላያቸውም። ወደ መኪናው ዞረች።

«ሞተሩን አጥፋው» አለች። «ሥራችን አላለቀም።»