ሳሊቡን ቁስሉ ላይ

ገብረክርስቶስ ሰኞ ቀትር ላይ በሚሠራበት ቤተ ሙከራ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ቤተ ሙከራው በሳዑዲዋ ከተማ በኾበር ያለ የአንድ አነስተኛ የቁስል ሕክምና ክሊኒክ ነው። አንገቱን ሦስት ጊዜ ተወግቷል። ደሙ እስከ በሩ ፈስሶ ረግቷል። የተወጋበት የተሰበረ ጠርሙስ በእቃ ማጠቢያው ውስጥ፣ ቧንቧ ተከፍቶበት፣ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል።

«ይህን ጨብጦ ሦስት ጊዜ የወጋ ሰው እጁ ሳይቆረጥ አይቀርም» አለች የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ሱዳናዊቷ ዶክተር ሙህሲና።

ፖሊስ የተቆረጠ እጅ ፈለገ፤ አገኘም። ሬሳውን መጀመሪያ ያየችው ሔለን ናት፤ በአል ነኺል ሰፈር በአንድ ቪላ የቤት ሠራተኛ። መዳፏ ላይ ያልደረቀ ቁስል ነበር። የበሩ እጀታ ላይም ደሟ ተገኘ።

በሳምንቱ የፖሊስ ሻምበሉ ሔለን ወደ እስር ቤት የምትላክበትን ወረቀት ሊፈርም ብዕሩን አነሣ። አስተርጓሚው ጂብሪል ግን «ቆይ» አለው። ጂብሪል የወሎ ሰው ነው። ሃያ ዓመት የሰው ቃል ሲያስተረጉም ኖሮ፣ በተነገረውና በተሰማው መካከል የሚጠፋውን ነገር መፈለግ ለምዷል።

«ቁስሏ አልገባኝም፤ እስከ አሥር ሰዓት ስጠኝ።»

«ለነፍስ ግድያ ቅጣቱ ሰይፍ እንደሆነ ታውቃለህ። አሥር ሰዓት ሲሞላ እፈርማለሁ፤ ኸላስ፣ አለቀ!»

ሔለን በካቴና ታስራ ቀረበች።

«እጅሽ መቼ ተቆረጠ?»

«ስንቴ ልናገር ጋሼ! እሱ ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት፣ ዓርብ። የቱና ቆርቆሮ ቆረጠኝ። ማዳም ግን አላየሁም አለች።»

«አሥር ቀን የሞላው ቁስል እንዲህ ይሆናል?»

«እኔንስ የገረመኝ እሱ አይደል? ገብሬ የኤሌክትሪክ ፋሻ በጽዳቷ በትርፌ እጅ ላከልኝ፤ አጠቃቀሙንም በድምፅ ነገረኝ። አልድን ሲለኝ ሰኞ ደወልኩለት። ‹ነይ፣ ስለ ቁስልሽም ስለ ሌላም የምነግርሽ አለ› አለኝ። ስደርስ…» አንገቷን ደፋች።

ጂብሪል ስልኳን ተቀብሎ ድምፁን ከፈተ። «ሔሉ፣ ከሥሩ ያለውን ስስ ላስቲክ ላጪው። ሳሊቡን ቁስሉ ላይ፣ ሌላውን ራቅ አድርገሽ ለጥፊ። ቶሎ ይድንልሻል።»

«እንዳለሽ አደረግሽ?»

«አንድ ሳላጎድል!»

ጂብሪል ድምፁን ደግሞ ሰማው። ከዚያ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አላት።

የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ትርፌ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋች፤ በረኪና የበላቸው፣ ግን ያልተቆረጡ ናቸው።

«ፋሻው አሥራ ሁለት ነበር። ዓርብ አንዱን ለሔለን ወሰድኩ። ሰኞ ጠዋት አሥራ አንድ፣ ሬሳው ከወጣ በኋላ አሥር። አንድ ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ የምትጠየቀው ጠራጊዋ ናት፤ ስለዚህ እቆጥራለሁ።»

«በመካከሉ ማን መጥቶ ነበር?»

«መኳንንት ነዋ፣ የሔለን እጮኛ! እኔ ስወጣ እሱ ሲገባ ተላለፍን። ሰላም ብለው ፊቱን አዞረብኝ፤ ኩራቱ! ለፖሊስ ተናግሬያለሁ፤ እጁን አይተው ለቀቁት።»

መኳንንት በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ በመኪና ባትሪ መጋዘን ይሠራል። የቀኝ አውራ ጣቱ ላይ ቀጭን ሐምራዊ የጠባሳ መስመር ነበር።

«ይሄማ ወር አልፎታል።»

«ፋሻ አድርገህበት ነበር?»

«ምን ፋሻ! የወንድ ልጅ ቁስል በራሱ ይድናል፤ እንደዚያ ያለ ፋሻ አይቼም አላውቅ።»

ጂብሪል ከመጋዘኑ ሲወጣ ሠራተኞች ጣታቸውን የሚያስነኩበትን የአሻራ መሣሪያ በሩ ላይ አየ። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገብቶ ሁለት ወረቀት ይዞ ወጣ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉም ቤተ ሙከራው ውስጥ ተሰበሰቡ። ወለሉ ቢታጠብም የደሙ ጥላ አልለቀቀም። ጂብሪል ለሔለንና ለመኳንንት አንዳንድ ፋሻ ሰጠ።

«ሳሊቡን መዳፋችሁ ላይ ለጥፉ።»

ሔለን ላስቲኩን ላጠችና የመደመር ምልክት ያለበትን ጫፍ መዳፏ ላይ አደረገች። መኳንንትም እሷን ሳያይ ላስቲኩን ልጦ የመቀነስ ምልክት ያለበትን ለጠፈ።

«ሔለን፣ ለምን ይሄኛውን?»

«ሰሊብ መስቀል አይደል? ይኸው መስቀሉ!»

«ሳሊብ ሌላ፣ ሰሊብ ሌላ። ዐረብኛን በጆሮ ብቻ የተማረ ሰው አይለያቸውም። ሳሊብ ነጋቲቩ፣ መቀነሱ ነው። ዶክተር፣ ተገልብጦ ቢለጠፍስ?»

«ቆዳ ሲቆረጥ ቁስሉ ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይኖረዋል» አለች ሙህሲና። «ጠርዙ ላይ ያሉት ሕዋሳት ያንን ተከትለው ወደ ነጋቲቩ ይሄዳሉ፤ ከየዳሩ መጥተው ይገጥማሉ። ፋሻችን ያንን ያበረታል። ከተገለበጠ ግን ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ቁስሉ አፉን እንደከፈተ ይቀራል።»

«ስለዚህ የሔለን አሮጌ ቁስል አዲስ መሰለ። አዲሱ ቁስል ደግሞ አሮጌ መሰለ።» ጂብሪል ወደ መኳንንት ዞረ። «ባትሪ ቤት የሚውል ሰው ሳሊብን ያውቃል፤ ይሁን። ላስቲኩን ላጥ ያለህ ግን ማን ነው? አይቼው አላውቅም ያልከው ፋሻ እኮ ነው።»

ጂብሪል አንደኛውን ወረቀት ዘረጋ።

«አውራ ጣትህን የአሻራው መሣሪያ ሰኞ ጠዋት ተቀብሎታል። ከቀትር በኋላ ግን አልለየውም፤ ማፊ! ከዚያ ወዲህ በፊርማ ነው የምትገባው። ወር ያለፈው ቁስል ሰኞ ጠዋት የት ነበር?»

«ለምን ይገድለዋል?» አለች ሔለን።

ጂብሪል ሁለተኛውን ወረቀት አነበበ። «የሥራ ፋይሉ ነው። ባለትዳር፤ ሚስትና ሁለት ልጆች ደብረ ታቦር። ገብረክርስቶስ ሊነግርሽ የነበረው ሌላው ነገር ይሄ ነው።»

«ዝም በል፣ አንተ ሽማግሌ!» መኳንንት ጠርሙስ ከመደርደሪያ መንጭቆ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሰበረና ወደ ጂብሪል ተወረወረ። ስባሪው የጂብሪልን ትከሻ ቀደደ። ሁለት ፖሊሶች በወለሉ ላይ ጣሉት፤ አገጩ ሲሚንቶውን መታ፣ ጥርሱ ረገፈ። የአውራ ጣቱ ሐምራዊ መስመር ተሰንጥቆ ደም አመጣ።

«ሳምንቱን ሙሉ ታስራ ስታለቅስ እያወቅህ ተውካት» አለው ጂብሪል ትከሻውን ይዞ። «ልትሞትልህ ነበር።»

ሻምበሉ ወረቀቱን ቀደደ። ካቴናው ከሔለን እጅ ወልቆ መኳንንት እጅ ላይ ገባ። እሷ አላየችውም። ስልኳን ተቀብላ ያንን ድምፅ ከፈተች።

«…ሳሊቡን ቁስሉ ላይ። ቶሎ ይድንልሻል።»

«እሺ ገብሬ» አለችና ፋሻውን ላጠች። ገለበጠችውና እንደገና ለጠፈችው።