በግማሽ የተሰማው አልበም

«ጋሼ! እዚህ ውስጥ ሌላ ሴት አለች!»

አጎቷ የሬዲዮውን ሆድ ዕቃ እንደተከፈተ ትቶ ቀና አለ። «የት ውስጥ?»

«ጆሮዬ ውስጥ!»

ዕቃ ጠጋኝ ሰው ብዙ ጉድ ስለሚሰማ አልደነገጠም። የእህቱ ልጅ ራሷ ላይ የደፋችውን ትልቅ ሄድፎን አየው። ደንበኛ ለጥገና ያመጣው ነው፤ «ልሞክርልህ» ብላ ከአጎቷ እጅ የነጠቀችው እሷው ናት።

«አንዷ በግራ ትዘፍናለች፣ አንዷ በቀኝ። የቀኟን እስከ ዛሬ ሰምቻት አላውቅም!»

«በምን ነበር የምትሰሚው?»

ከኪሷ ኢርፎኗን አውጥታ ሰጠችው። ገመዱ ሦስት ቦታ በፕላስተር ተጠቅልሏል። አጎቷ ግራውን ሞከረ፣ ቀኙን ሞከረ፤ ከዚያ የሳቀው ሳቅ ጠረጴዛው ላይ ባለው ጣሳ ውስጥ ያሉትን ብሎኖች አንኳኳቸው።

«ቀኙ እኮ ከሞተ ሰንብቷል! ለቅሶውን እንኳን አልደረስሽም?»

ልጅቷ «ዳኛዋ» ባትሆን ኖሮ እሷም አብራው በሳቀች።

ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የሚሏት። አርብ አርብ በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያ ክፍል ትገባና በድምፅ ማጉያው ስለ አዳዲስ አልበሞች ያሻትን ትናገራለች። «ተራ አድማጭ ነኝ» ብላ ነው የምትጀምረው። እውነቷን ነው፤ የምታዳምጠው ሳህን እያጠበች ነው። ኢንዲ ፎክ ምን እንደሆነ ለግቢው ያስረዳችውም እሷ ናት፦ «ጢሙን ያላበጠረ ሰው ጊታር ታቅፎ ዝናቡን ይቅርታ ሲጠይቅ።» ስለ አንድ የሮክ አልበም ደግሞ «ከበሮው ሲጀምር የጎረቤታችን ዶሮ ደንግጣ የተቀቀለ እንቁላል ጣለች፤ ሰባት ከአስር» ብላ ተማሪውን በሳቅ ፈጅታዋለች። «በአንድ ጊታር ብቻ ይህን ሁሉ ጩኸት ማውጣት ጀግንነት ነው» ብላ ያደነቀቻቸውም አሉ። ለካ ሁለተኛው ጊታር በቀኝ በኩል ኖሯል።

ይሄ ሁሉ ይታለፍ። «የዝናብ ጫማ» የተባለው አልበም ግን አይታለፍም። ባለፈው አርብ ስለ እሱ ስታወራ፣ «አንዲት ሴት፣ አንድ ጊታር፣ በቃ! ሁለተኛ ድምፅ ሾርባ ላይ የሚጨመር ውሃ ነው። ዘጠኝ ከአስር!» አለች። ሰኞ ጠዋት የክፍሉ ተረበኞች ቀጭኔን «ውሃ ጨማሪዋ መጣች!» ብለው ተቀበሏት።

ቀጭኔ የሚሏት በቁመቷ ነው፤ የዳኛዋ የዴስክ ጓደኛ ናት። በዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ላይ ጊታር ከምትጫወት ልጅ ጋር ልትዘፍን ሁለት ወር ሙሉ ተለማምዳለች፤ የእሷ ድርሻ ሁለተኛ ድምፅ ነው። ማክሰኞ ለሙዚቃ መምህሩ «ቲቸር፣ ትቼዋለሁ፤ ብቻዋን ትዝፈን» አለችው። ረቡዕ ደብተሯን ሰብስባ ሌላ ዴስክ ሄደች። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ዳኛዋ ሄድፎኑን አወለቀች። የአልበሙን ሽፋን ስልኳ ላይ አስፍታ አየችው። ሁለት ሴቶች አንድ ጥንድ ቦት ጫማ ተካፍለው፣ አንዷ የግራውን፣ አንዷ የቀኙን አጥልቀዋል። ይህን ሁሉ ስትናገር ሽፋኑን እንኳን በወጉ አላየችውም ነበር።

«ጋሼ፣ ይጠገናል?»

«ኢርፎኑ? አዎ።»

«የተናገርኩትስ?»

«የሱ መለዋወጫ እኔ ጋ የለም» አለና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ቀጭኔን የግቢው ቧንቧ ጋ አገኘቻት።

«ስሚኝማ፣ አልበሙ ላይ የሚዘፍኑት ሁለት ናቸው! ሁለተኛዋን ያልሰማኋት የኢርፎኔ ቀኝ ሞቶ ነው።»

ቀጭኔ የውሃ ጠርሙሷን እየሞላች ከላይ ወደ ታች አየቻት። «ገመዱን ዶሮዋ በላችው በያ።»

«እውነቴን ነው፣ እናቴን!»

«አንቺ ልጅ፣ እውነትሽና ውሸትሽ እኮ አንድ ዓይነት ልብስ ነው የሚለብሱት። በምን ልለያቸው?» ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ ዘጋችው። «ደግሞ ለእኔ በጆሮዬ ብትነግሪኝ ምን ይሠራልኛል? የሰደብሽኝ በድምፅ ማጉያ ነው።»

ዳኛዋ ቀና ብላ የግቢውን ድምፅ ማጉያ አየች።

በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያ ክፍል ስትገባ እጇ ላይ አንድ ወረቀት ነበር። ስለ አዲሱ የሮክ አልበም፣ ስለ «ሰባተኛ ፎቅ» የጻፈችው ነው፦ «ጊታሩ ከመጮሁ የተነሳ ሊፍቱ ራሱ በደረጃ ወረደ።» ይህን ብትል ግቢው ሆዱን ይዞ እንደሚንከባለል ታውቃለች። እስካሁን የሰማችው ሁሉ ግማሽ እንደነበር ከተናገረች ግን ከእንግዲህ «ዳኛዋ» የሚላት ይኖር ይሆን?

«ዛሬ ሮክ ነው አይደል?» አላት ማሽኑን የሚቆጣጠረው ልጅ።

ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። «'የዝናብ ጫማ'ን አዘጋጅልኝ። ምልክት ስሰጥህ ትከፍተዋለህ።»

ማይኩን አበራች።

«ተራ አድማጭ ነኝ።» ግቢው ከወዲሁ መሳቅ ጀመረ። «ባለፈው አርብ ስለ አንድ አልበም ነግሬያችሁ ነበር። የሰማሁት ግማሹን ነው። የኢርፎኔ ቀኝ አይሠራም ነበር፤ እኔም አላወቅኩም።»

ሳቁ ባሰ። በመስኮቱ ታያቸዋለች፤ ሁሉም አንጋጠው ቀጣዩን ይጠብቃሉ። አንድ የሚጣፍጥ ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ዋጠችው። ሳቁ እስኪያልቅ ቆመች፤ ሳቅ ይህን ያህል ረጅም መሆኑን አታውቅም ነበር።

«ቀልድ አይደለም» አለች። «አልበሙ ላይ የሚዘፍኑት ሁለት ሴቶች ናቸው። ትናንት ሁለቱንም ስሰማ፣ ያለ ሁለተኛዋ ዘፈኑ ባዶ ቤት እንደሆነ ገባኝ። ሁለተኛ ድምፅን ውሃ ያልኩት ሳልሰማ ነው። በዚህ የተነሳ ስም የወጣላት ሰው አለች፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ነጥብ አልሰጥም።»

በመስኮቱ አየች። ወደ መማሪያ ክፍሎቹ ሲሄድ የነበረ፣ ከሁሉም ራስ በላይ ብቅ ያለ አንድ ራስ ቆመ። አልዞረም። ግን ቆመ።

ዳኛዋ ለልጁ ምልክት ሰጠችው። መጀመሪያ ጊታሩ፣ ከዚያ አንደኛዋ ሴት፣ ከዚያ ሁለተኛዋ ገቡ።

«ሲያልቅስ ምን ትያለሽ?» አላት ልጁ በሹክሹክታ።

«ምንም» አለችና ማይኩን አጥፍታ ወንበር ሳበች። «ዝም በል፣ ልስማበት።»