ከኋላ መቀመጫ የመጣው ድምፅ

«አሥር የሠርግ ዘፈን ጫኚልኝ። የድሮ ይሁን።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ፍቅርአዲስ ሜሞሪ ካርዱን ከጋሼ አስናቀው እጅ ተቀበለች።

ሶማሌ ተራ ሶሊ ይሏታል፤ ሞባይል ላይ ዘፈን የምትጭን ልጅ። ሰላይ መሆኗን በሰፈሩ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ «ዳኛው» የሚባሉት አለቃዋ ጋሼ አስናቀውና ሾፌሩ ይድነቃቸው። ይድነቃቸው የአንድ የጦር መሣሪያ ነጋዴ መኪና ይነዳል። ትናንት ነጋዴው መኪናውን ራሱ ይዞ ሲወጣ፣ ይድነቃቸው ደብቆ የተወው መቅጃ ውስጡ የተደረገውን ድርድር ቀድቷል።

«አረጋግጪና ለበላይ ላኪ» አሉ ጋሼ አስናቀው። «ያንቺ ማረጋገጫ ከሌለበት አይቀበሉም።»

ሄዱ። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፋች።

ነጋዴው ይሰማል። ከኋላ መቀመጫ የሚናገረው ሰው ግን ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል። «ሰ» እና «ሸ» እንኳን አይለዩም።

ፋይሉ ሦስት መቶ ሃያ ኪሎቢት ይላል። በዚህ ቢትሬት፣ በዚህ የድምፅ ጥራት መጠን፣ ንግግር ጥርት ማለት ነበረበት። የድምፁን ምስል ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተች። ቀጫጭን ድምፆች የሚታዩበት የላይኛው ግማሽ በቢላ እንደተቆረጠ ባዶ ነው።

ገባት። አንድ ሰው ቅጂውን መጀመሪያ እስከ አሥራ ስድስት ኪሎቢት ጨምቆታል፤ ከዚያ እንዳይጠረጠር በትልቅ ቢትሬት መልሶ አስቀምጦታል። ፋይሉ ያብጣል እንጂ አንዴ የተጣለ ድምፅ አይመለስም።

ካርዱ ደግሞ ከይድነቃቸው ወደ እሷ የመጣው በጋሼ አስናቀው እጅ ብቻ ነው።

ሱቁን ዘግታ ወደ ጎጃም በረንዳ ገሰገሰች። በጋሪ ገፊዎቹ መሃል ሁለት ሰዎች ተከተሏት።

ይድነቃቸውን የጤፍ መጋዘን ውስጥ አገኘችው።

«ዋናው ቅጂ አለህ?»

«መቅጃው ላይ አለ። ለጋሼ የሰጠኋቸው ግልባጩን ነው።»

«መኖሩን ያውቃሉ?»

«አሁን ደውለው ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው።»

ከፈተችው። ሳይጨመቅ የተቀዳ ነው፤ የፍሬቻው ቀጭ ቀጭ ማለት ሳይቀር ይሰማል። ከኋላ መቀመጫ ያለው ሰው ጥርት ብሎ ተናገረ።

ጋሼ አስናቀው።

መቅጃውን ከስልኳ ጋር አገናኝታ ለበላይ መላክ ጀመረች። የመጋዘኑ ዋይፋይ ይጎተታል። ዘጠኝ ደቂቃ ይቀራል።

«ጨምቀሽ ላኪው!» አለ ይድነቃቸው በበሩ ስንጥቅ እያየ። «ሁለት ሰዎች መጥተዋል።»

«ከጨመቅኩት የማን ድምፅ እንደሆነ አይለይም። ጋሼ ይክዳሉ።»

ይድነቃቸው የጃኬቱን ዚፕ ዘጋ።

«እኔ አነጋግራቸዋለሁ።»

«ይድነቃቸው፣ ተው።»

«አንቺ ላኪ።»

ወጣ። በሩን ከውጭ ቆለፈው።

ስድስት ደቂቃ። ጭቅጭቅ ተሰማት። አራት። «ውስጥ ማንም የለም!» ሲል ሰማችው። አሁንም ሰርዛ፣ ጨምቃ፣ በአንድ ደቂቃ ልትልከው ትችላለች። ጣቷን ወደ መሰረዣው ቁልፍ አስጠጋች።

አልነካችውም። አንድ ደቂቃ።

ጥይት ጮኸ።

ተላከ።

በጓሮ፣ በተቀደደው ቆርቆሮ ሾልካ ወጣች።

አሥር ሰዓት ላይ መልእክት ደረሳት። «ዳኛው ተይዟል። ድምፁን መካድ አልቻለም። ሶሊ ከዛሬ ጀምሮ የለችም።»

«ሾፌሩስ?» ብላ ጻፈች።

«ሞቷል። ቀብር እንዳትሄጂ።»

ሲም ካርዱን ሰበረችው። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ታክሲ ውስጥ ገባች። አጠገቧ የተቀመጡ እናት ፊቷን አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?»

«አይ እማማ፤ ጉንፋን ነው።»

ሻሿን እስከ ግንባሯ ሳበች። ታክሲው እንደቆመ ወርዳ ከሰው ጋር ተቀላቀለች።

ማንም ዞሮ አላያትም።